ሲሰናበት «ጤነኛ» የተባለ ወታደር፦ ያልተመዘገበ ሕመም ከዓመታት በኋላ የጡረታ ጥያቄ ሲሆን

ከፕሪቶሪያው ስምምነት፣ ማለትም ከጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ወዲህ «ትጥቅ መፍታት» እና «መልሶ ማቋቋም» የሚሉት ቃላት ከዜና ጠፍተው አያውቁም። ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን በዕቅዱ የያዛቸው የቀድሞ ታጣቂዎች 371,971 ናቸው። ኅዳር 2017 ዓ.ም. መቐለ ላይ የተጀመረው ምዕራፍ ብቻ 75 ሺህ ሰው ታሳቢ አድርጎ ነበር። በዚህ ላይ ከመደበኛው ሠራዊት በዕድሜ፣ በአገልግሎት ዘመንና በሕክምና ቦርድ የሚሰናበተው አለ። ክርክሩ ግን ባብዛኛው በጠመንጃውና በማቋቋሚያ ገንዘቡ ላይ ነው፤ በስንብት ቀን ስለሚሞላው የጤና ቅጽ የሚያነሳ ጥቂት ነው።

ቅጹ የሚታወሰው ዘግይቶ፣ ሕመሙ ሲጠና ነው። ከጥቁር አንበሳ የሐኪም ማስረጃ አጽፎ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ወዳሉት ማመልከቻ ጸሐፊዎች የሚሄድ የቀድሞ ወታደር፣ አቤቱታው የሚቆመውም የሚወድቀውም «ስትወጣ ምን ተብሎ ተጻፈልህ?» በሚለው ጥያቄ ነው። በከተማው ወሬ ደግሞ ፍርዱ ቀድሞ ያለቀ ይመስላል። አንዱ ወገን «ምንም የለብኝም ብሎ ፈርሞ ወጥቶ፣ ከስምንት ዓመት በኋላ ጆሮዬ፣ ወገቤ ማለት ምን የሚሉት ነው?» ይላል። ሌላው «ለአገሩ የቆሰለን ሰው ወረቀት አምጣ ማለት ግፍ ነው» ብሎ ይመልሳል። በመሀል የተዘለለው ጥያቄ «ምንም የለብኝም» የሚለው ቃል እንዴት ወደ ቅጹ እንደገባና በሕግ ፊት ምን ያህል ክብደት ሊኖረው እንደሚገባ ነው።

ዝምታው ከየት ይመጣል?

ወታደር ሕመሙን ሳይናገር መውጣቱን ማጭበርበር ወይም ጀግንነት ብሎ ማለፍ ይቀላል። ባብዛኛው ግን ነገሩ የስሌት ነው። ስንብት የሚጠብቅ ሰው ቤቱ መግባት ይፈልጋል። «ወገቤን ያመኛል» ካለ ሪፈር ይጻፍለታል፣ ራጅ ይነሳል፣ ቦርድ እስኪቀመጥ ይጠብቃል፤ ጓዶቹ መሸኛቸውን ተቀብለው ሲሳፈሩ እሱ ካምፕ ይቀራል። «ደህና ነኝ» ካለ ከጓዶቹ ጋር ይወጣል። ከሕመሙ መመዝገብ የሚገኘው ጥቅም ሩቅና አጠራጣሪ ሲሆን መጉላላቱ ግን የዛሬ ነው። እንዲህ ባለ ምርጫ ፊት የቆመ ሰው ምን እንደሚመርጥ ለመገመት ብዙ ምርምር አያስፈልግም።

ቀጥሎ የሚያሳስበው እንጀራ ነው። ከሠራዊት ለወጣ ሰው ቶሎ የሚገኘው ሥራ ጥበቃ ወይም ሾፌርነት ነው፤ ሁለቱም ጆሮ፣ ዓይንና የተረጋጋ መንፈስ ይፈልጋሉ። «የመስማት ችግር» ወይም «የአእምሮ ጭንቀት» የሚል ወረቀት ይዞ ቀጣሪ ፊት መቅረብ በራስ ላይ መመስከር ነው። የአእምሮው ሕመም ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። በር ሲጋጭ የሚበረግግ፣ ሌሊቱን ተቀምጦ የሚያነጋ ሰው ጸበል ለመሄድ እንጂ የክፍሉ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ አይደፍርም። ሰፈሩ ምን ብሎ እንደሚጠራው ያውቀዋል፤ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ሴቶች ላይ ይህ ፍርሃት እጥፍ ይሆናል።

ሦስተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ወታደሩ ራሱ መታመሙን ላያውቅ ይችላል። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የመስማት ጉዳት ነው። የመድፍና የጥይት ድምፅ መጀመሪያ የሚጎዳው የውስጠኛውን ጆሮ ስስ ሕዋሳት ሲሆን፣ ጉዳቱ ቀድሞ የሚታየው ከ3,000 እስከ 6,000 ሄርዝ ባለው ቀጭን ድምፅ ላይ ነው። የተራ ንግግር ዋናው ክፍል ደግሞ ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ሐኪም ፊት ለፊት ተቀምጦ «ይሰማሃል?» ሲለው፣ ወታደሩ ያለ ምንም ውሸት «አዎ» ይላል፤ ቅጹም ላይ «ጆሮ፦ ደህና» ተብሎ ይጻፋል። ጉዳቱን የሚያወጣው ኦዲዮግራም የሚባለው፣ ድምፅን ከወፍራም እስከ ቀጭን እየለዋወጡ የሚወስዱት የመስማት ልኬት ብቻ ነው። ሰውየው የሚነቃው ከዓመታት በኋላ፣ ዕድሜ በላዩ ሲጨመርበት ነው፤ ታክሲ ውስጥ ወይም ሰው በበዛበት ቤት ንግግር መለየት ያቅተዋል። ያን ጊዜ ቦርዱ «ከዕድሜ ነው ወይስ ከመድፍ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከስንብት ቀን የተወሰደ ልኬት ከሌለ መልሱ ግምት ነው።

ሌሎቹም በየራሳቸው መንገድ ይደበቃሉ። ሄፓታይተስ ቢ ለብዙ ዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳይ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ሁመራና መተማ አካባቢ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር ሰውነት ውስጥ ከገባ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ይነሳል። በጡንቻ ውስጥ የቀረ ፍንጣሪ ቁስሉ ከዳነ ወዲያ ይረሳል፤ ቦታውን ሲቀይር ወይም ነርቭ ሲነካ ግን ይታወሳል። ከአሰቃቂ አጋጣሚ በኋላ የሚከተለውን፣ ፒቲኤስዲ በሚል ምሕጻር የሚታወቀውን የአእምሮ ሕመም በተመለከተ ደግሞ የሥነ አእምሮ ሕክምናው መለያ መጽሐፍ ራሱ ዘግይቶ የሚገለጥ ዓይነት እንዳለው ይመዘግባል፤ ሙሉው ምልክት የሚሟላው ከድርጊቱ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ቆይቶ ሲሆን ማለት ነው። ይህን ሰው በስንብት ቀን የዓለም ምርጥ ሐኪም ቢመረምረውም ምንም ላያገኝበት ይችላል።

ቦርዱ የሚጠይቀው ስንትና ከምን ነው

በኢትዮጵያ የወታደር ጡረታ የሚተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ሕግ ነው፤ በመጀመሪያ አዋጅ ቁጥር 714/2003፣ አሁን ደግሞ እሱን በተካው አዋጅ ቁጥር 1267/2014። የሠራዊትና የፖሊስ ፈንድ ከሲቪሉ የተለየ ነው። ከወታደሩ ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ መንግሥት 25 በመቶ ይጨምራል። ለሲቪሉ መንግሥት የሚከፍለው 11 በመቶ ብቻ ነው። የውትድርና ሥራ አካልን እንደሚጎዳ ሕጉ አስቀድሞ አስልቶበታል ማለት ነው።

ለታመመ ሰው በሕጉ ሁለት በር አለ። አንደኛው በሥራ ምክንያት የመጣ ጉዳት ነው። በሥራ ላይ የደረሰ አደጋ ወይም ከሥራው የመነጨ በሽታ ቢያንስ 10 በመቶ ጉዳት ካደረሰ መብት ያስገኛል፤ ሰውየው ለዘለቄታው መሥራት ካልቻለ የዕድሜ ልክ አበል፣ መሥራት ከቻለ ደግሞ የአንድ ጊዜ ዳረጎት ያገኛል። በዚህ በር የአገልግሎት ዘመን አይቆጠርም። ሁለተኛው በር ምክንያቱ ከሥራ ውጭ የሆነ የጤና ጉድለት ነው፤ በዚህ የዘለቄታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል።

ስድስት ዓመት አገልግሎ የወጣን ወታደር እንውሰድ። ሕመሙ ከግዳጁ የመጣ ነው ከተባለ የዕድሜ ልክ ገቢ ሊኖረው ይችላል፤ ከግዳጁ አይደለም ከተባለ አንዴ ተከፍሎት ይሰናበታል። በሁለቱ ውሳኔዎች መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ቤተሰብ ኑሮ ነው፤ ልዩነቱን የሚወስነው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሕመሙ ክብደት ሳይሆን የሕመሙ ታሪክ ነው። ሐኪሙ ዛሬ ጉበቱ ስንት እጅ እንደተጎዳ ማየት ይችላል፤ የት እንደያዘው ግን ከሰውነቱ ላይ ማንበብ አይችልም። ያንን ከመዝገብ ይፈልጋል።

በሽታን ከሥራ ጋር ማያያዝ በሕጋችን ጠባይ ጠበቅ ያለ ነው። ለወታደር የማይሠራው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአካባቢው የተስፋፋ ነዋሪ ወይም ተላላፊ በሽታን በሥራ ምክንያት እንደመጣ በሽታ አይቆጥርም፤ በሽታውን ለማጥፋት በሥራው የተሠማሩትን ብቻ ይለያል። ይህ አስተሳሰብ ለፋብሪካ ሠራተኛ ሊያስኬድ ይችላል፤ በሚኖርበት ከተማ ወባ ቢይዘው ፋብሪካው አላመጣበትም። ወታደር ግን ቆላ የወረደው በትእዛዝ ነው። ደጋ ተወልዶ ያደገ ልጅ ሁመራ ዘብ ቆሞ ካላዛር ቢይዘው፣ «የአካባቢው በሽታ ነው» የሚለው መልስ አካባቢው ያደረሰውን ትእዛዝ ይረሳል።

የአሜሪካው ሕግና የእኛ ግራ መጋባት

ውዥንብሩን ከሚያባብሱት አንዱ ከውቅያኖስ ማዶ የሚመጣ ወሬ ነው። በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ የአገራችን ልጆች ጥቂት አይደሉም፤ «እዚያ ጆሮው ለጮኸበት ሁሉ ይከፍላሉ» የሚል ወሬም አብሮ ይመጣል። ወሬው ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤታቸው ቪኤ ለጆሮ ጩኸት 10 በመቶ የጉዳት ደረጃ ይሰጣል። ነገር ግን የእነሱ ካሳ ከፌዴራል በጀት የሚከፈል እንጂ ከደመወዝ በተቆረጠ መዋጮ የሚሸፈን አይደለም፤ ከቀድሞ ደመወዝ ጋርም አይያያዝም፤ እየሠራ የሚቀበለው ብዙ ነው። የእኛው መድን ነው። ሁለቱን ሥርዓቶች አንድ አድርጎ «ለምን አይሰጡንም?» ማለት ክርክሩን ከመንገድ ያስወጣዋል።

ከእነሱ መማር የሚቻለው ያልተመዘገበን ሕመም በያዙበት መንገድ ነው። አመልካቹ ሦስት ነገር ያስረዳል፤ አሁን ያለበትን ሕመም፣ በአገልግሎት ዘመኑ የደረሰ ነገርን፣ ሁለቱን የሚያያይዝ የሐኪም አስተያየትን። ይህን ማያያዣ የአገልግሎት ትስስር ይሉታል። የስንብት ቅጹ ባዶ መሆኑ ብቻውን በር አይዘጋም፤ ከስንብት በኋላ የታወቀ በሽታም ማስረጃው በጠቅላላ ወደ አገልግሎቱ ካመለከተ ይያያዛል።

ማስረዳቱ በተፈጥሮው ለማይቻልባቸው ጉዳዮች ደግሞ የሕግ ግምት አበጅተዋል። የሕግ ግምት ማለት ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ሕጉ እንደ እውነት የሚይዘው ነገር ነው። የተዘረዘሩ ሥር የሰደዱ በሽታዎች ከስንብት በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ 10 በመቶ ደረጃ ላይ ከደረሱ በአገልግሎት ላይ እንደመጡ ይቆጠራሉ። ቬትናም ላይ ከተረጨው ኤጀንት ኦሬንጅ ጋር የተያያዙ በሽታዎች እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣ ሕግ፣ በኢራቅና በአፍጋኒስታን ቆሻሻ ከሚቃጠልባቸው ጉድጓዶች ጭስ ጋር የተያያዙት ደግሞ ነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ. በጸደቀው ፓክት አክት በዚህ መንገድ ተካትተዋል። ወታደሩ ሲቀጠር በምርመራ ያልተመዘገበ ሕመም እንዳልነበረበት ይገመታል፤ «ይዞት ነው የመጣው» ለማለት መንግሥት የማያሻማ ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ማስረጃው እኩል ለእኩል ሲሆን ጥርጣሬው ለአመልካቹ ይተረጎማል።

መዝገብ ሲጠፋስ? ሐምሌ 12 ቀን 1973 እ.ኤ.አ. ሴንት ሉዊስ ከተማ በሚገኘው የሠራተኞች መዝገብ ቤት የተነሳ እሳት ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመት የወታደሮች ፋይል አጠፋ። ፍርድ ቤቶቻቸው ኋላ የያዙት አቋም እንዲህ ነው፤ ፋይሉ በመንግሥት እጅ ሳለ ከጠፋ፣ መሥሪያ ቤቱ የጥርጣሬውን ጥቅም ለአመልካቹ መስጠት ይገባው እንደሆነ ከወትሮው ይበልጥ ተጠንቅቆ መመርመርና ምክንያቱን ማስረዳት አለበት።

ዝምታ እዚያም ዋጋ ያስከፍላል። በአንድ ዓመት ውስጥ ላመለከተ ክፍያው ከስንብቱ ማግስት ጀምሮ ይታሰብለታል፤ ለዘገየው ግን በመርሕ ደረጃ ካመለከተበት ቀን ነው። ስለዚህ ከመሰናበቱ ከ180 እስከ 90 ቀን አስቀድሞ፣ ገና የደንብ ልብስ ለብሶ ሳለ ማመልከት የሚችልበት አሠራር ከፍተውለታል።

ብሪታንያ በሌላ በኩል መጥታበታለች። በቀድሞው የጦር ጡረታ ሥርዓቷ ከአገልግሎት ከወጣ ሰባት ዓመት ያልሞላው ሰው ሲያመለክት የማስረዳት ሸክሙ የመንግሥት ነው፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ወደ አመልካቹ ይዞራል። ከሚያዝያ 2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለደረሰ ጉዳት የሚሠራው አዲሱ ሥርዓት ግን ሰባቱን ዓመት፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ የማመልከቻ ጣሪያ አድርጎታል።

ሸክሙን ማን ይሸከም?

የጥብቅነት ደጋፊዎች ክርክር ተራ ጭካኔ አይደለም። ፈንዱ የጋራ ነው፤ አላግባብ የወጣ ብር ከሌላው ጡረተኛ ኪስ የወጣ ነው። ዓመታት ባለፉ ቁጥር የግዳጁን ጉዳት ከእርጅና፣ ከግንባታ ሥራ፣ ከመኪና አደጋ መለየት ይከብዳል። ሐሰተኛ የሕክምና ማስረጃም በከተማችን ያልተሰማ ነገር አይደለም። «ፊርማ ካላሰረ ታዲያ ምን ያስራል?» የሚለው ጥያቄም ሕጋዊ ክብደት አለው።

ፊርማው ያስራል የሚባለው ግን ፈራሚው ማወቅ የሚችለውንና መዘዙ የተነገረውን ነገር ሲፈርም ነው። «ስላገኘሁት ሕክምና የተናገርኩት እውነት ነው» ብሎ መፈረምና «በአካሌ ውስጥ ምንም በሽታ የለም» ብሎ መፈረም አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛውን ሐኪምም አይፈርመውም። ከዚህም በላይ በሠራዊት ውስጥ መዝገብ የሚይዘው ማን ነው? ሲቪል የታመመ እንደሆነ ክሊኒክ ይመርጣል፣ ካርዱን ያስቀምጣል፣ ኮፒ ያደርጋል። ወታደር የክፍሉ ሕክምና ጣቢያ ይታከማል፣ ካርዱም እዚያው ይቀራል፤ ክፍሉ ሲንቀሳቀስ ወይም ሲፈርስ ካርዱ የት እንደደረሰ የመከታተል ሥልጣን የለውም። የመርማሪው መሣሪያም፣ የምርመራው ጊዜም፣ የቅጹ ጥያቄም በአንድ ወገን እጅ ናቸው። ብዕሩን የያዘ ወገን ሳይጽፍ የቀረውን ነገር በሌላው ላይ ማስረጃ ሊያደርገው አይገባም። የዚህ ጸሐፊ አቋም ይኸው ነው፤ ወሰን ግን ይበጅለታል።

ወሰኑ የሚበጀው በዝርዝር ነው። ለሁሉም ሕመም ለሁልጊዜ የሚሠራ ግምት ፈንዱን ያናጋል። በከባድ መሣሪያ ክፍል ላገለገለ የመስማት ጉዳት፣ በካላዛር ቀጠና ለተመደበ ካላዛር፣ በውጊያ ለዋለ ፒቲኤስዲ፣ ራጅ ለሚያሳየው ፍንጣሪ፣ ለተወሰኑ ዓመታት የሚቆይ ግምት ግን ከሐሰት ማስረጃ ገበያም ይከላከላል። የምደባ መዝገብ ከተራ የሐኪም ወረቀት ይልቅ ለማጭበርበር ይከብዳል። «የት ነበርክ?» የሚለው ጥያቄ በሠራዊቱ ሰነድ ይመለሳል፤ «መቼ ጀመረህ?» የሚለው ግን ምስክር መግዛትን ይጋብዛል።

ነገ የሚመጣው ማመልከቻ

አገሪቱ ይህን መንገድ ሁለት ጊዜ ሄዳበታለች። ግንቦት 1983 ዓ.ም. የተበተነው ሠራዊት በሥርዓት የተሰናበተ አልነበረም፤ ሰኔ ላይ የተቋቋመው የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ወደ 455 ሺህ ሰው ተረክቦ የመጀመሪያ ሥራው ሰዉን ማብላትና ወደ ቀዬው መሸኘት ነበር። ከኤርትራው ጦርነት በኋላ፣ በ1990ዎቹ፣ በዓለም ባንክ ድጋፍ ወደ 148 ሺህ ያህል ተሰናበቱ። በሁለቱም ጊዜ በግልጽ የሚታይ የአካል ጉዳት ተለይቶ ተይዟል፤ የማይታየው ጉዳት ግን የሚቆጠርበት ዓምድ ከሌለ አይቆጠርም። ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት የቆመው የትግላችን ሐውልት የኦጋዴንን ጦርነት ሙታን በፎቶግራፍ ሳይቀር ያስታውሳል፤ የሕያዋኑ የሕክምና ካርድ ያን ያህል አልታደለም።

በአሁኑ ዙር ነገሩን የሚያወሳስበው ብዙዎቹ ተሰናባቾች የጡረታ መዋጮ ሲቆረጥላቸው ያልኖሩ መሆናቸው ነው። የታጠቀ ቡድን አባል የነበረ ሰው የጡረታ መለያ ቁጥር የለውም፤ ቦርዱ ጉዳቱን 40 በመቶ ቢለው እንኳ የሚከፍለው ፈንድ የለም። የመደበኛው ወታደር ችግር የማስረጃ ነው፤ የእሱ ከዚያ አስቀድሞ የባለቤት ማጣት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የትጥቅ መፍታትና የመልሶ ማቋቋም መመሪያ ተሰናባች ሁሉ በማዕከሉ የጤና ምርመራ እንዲያልፍ ይመክራል። ምርመራው ተላላፊ በሽታ ለመለየት ብቻ ከተደረገ ዛሬን ያክማል እንጂ ነገን አያስረዳም። ለማስረጃም እንዲያገለግል የሚጨመርበት ነገር ብዙ አይደለም። የመስማት ልኬት፣ የሄፓታይተስ ደም ምርመራ፣ ለቆሰለ ሁሉ ራጅ፣ የት የት እንደተሰለፈ የሚገልጽ አንድ ገጽ፣ ከዓመት በኋላ ለሁለተኛ ምርመራ የሚመለስበት ቀጠሮ። ከሁሉም ርካሹ ደግሞ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ለራሱ ለተሰናባቹ መስጠት ነው።

ኮሚሽኑ በተፈጥሮው ጊዜያዊ ነው። መዝገቦቹን ማን እንደሚረከብ፣ የጤና ተቋማት ወይስ የጡረታው አስተዳደር፣ መወሰን ያለበት ማዕከላቱ ከመዘጋታቸው በፊት ነው፤ ከተዘጉ በኋላ ሰነዱ ተገኝቶም የሚያረጋግጠው አካል ላይኖር ይችላል። መሸኛውን ዛሬ የሚቀበለው የ24 ዓመት ወጣት የጉበቱን ውጤት የሚጠይቀው ምናልባት በ2035 ዓ.ም. ገደማ ይሆናል።